ሩጫ ለሚጀምሩ ልጆች ስለ ጎን ውጋት የተሰጠ ምክር

የቢቸናና የሞጣ ልጅ ሩጫ ልጀምር ብሎ ማለዳ ሲነሣ፥ እናቱ ባዶ ሆድህን አትውጣ ብላ ፍትፍቱን ታቀርብለታለች፤ እርሱም በላዩ አንድ ጣሳ ውሃ ይጨምርበታል። ወዲያውም ከደጅ ወጥቶ ባለ ኀይሉ ይሮጣል። ጥቂት እንደ ሄደ ግን ከጎድን አጥንቱ በታች፥ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል፥ እንደ ጦር ይወጋውና ጎኑን ይዞ ይቆማል። ወደ ቤት ሲመለስ አንዱ ምች መታው ይላል፤ ሌላው ሰነፍ ነው ብሎ ይሥቅበታል፤ አባቱም ሩጫው ይቅርብህ ብሎ ይከለክለዋል። ይህ ሁሉ ሳይመረምሩ መፍረድ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ስለዚሁ ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

የጎን ውጋት አዲስ ሕመም አይደለም። ፕሊኒ የተባለው የሮማ ጸሐፊ ከ1900 ዓመት በፊት ጣፊያ ሯጮችን እንደሚያሰናክል ጽፎ ነበር። የዛሬ ሐኪሞች ግን በጣፊያ አያመካኙም። አንዳንዶቹ ደረትን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ ስለሚደክም ነው ይላሉ፤ ሌሎቹም የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን በሩጫው መናወጥ ሲፈተግ ይቈጣል ይላሉ። ሁሉም የሚስማሙበት፥ በሞላ ሆድ፥ ይልቁንም ብዙ ስኳር ያለበትን መጠጥ ጠጥቶ የሚሮጥ ሰው በቶሎ እንደሚወጋው ነው። ልጆችንም ከጎልማሶች ይልቅ ያዘወትራቸዋል።

ስለዚህ ከባድ ምግብ የበላ ልጅ 2 ወይም 3 ሰዓት ሳይቈይ አይሩጥ። ማለዳ የሚሮጥ ከሆነ ፍትፍቱ ከሩጫው በኋላ ይቅረብለት፤ ውሃም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። በጾም ወራት እስከ ቀትር ወይም እስከ 9 ሰዓት የሚቈይም ልጅ፥ ማዕዱን ጠግቦ ወዲያው ለሩጫ አይነሣ። ደግሞ ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ያሉ ናቸውና አየሩ ስስ ነው፤ ይልቁንም ከዓባይ በረሃ የወጣ ጀማሪ ቶሎ ያለከልካል። እንዲህ ያለው ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት እየሮጠ ጥቂት እየተራመደ ሰውነቱን ያለማምድ።

ውጋቱ በመንገድ ላይ ቢይዘው ሩጫውን ትቶ በዝግታ ይራመድ፤ ጥቂት ወደ ፊት ጐንበስ ብሎ የወጋውን ስፍራ በእጁ ይጫን፤ አየሩንም በረጅሙ ስቦ ቀስ አድርጎ ያውጣ። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቀዋል።

ዳሩ ግን የሯጭ የሆድ ሕመም ሁሉ የጎን ውጋት አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በመስከረም ወር ለቶክዮ ኦሊምፒክ ሲሰናዳ ሆዱን ታመመ፤ ሐኪሞችም ትርፍ አንጀት መሆኑን ዐውቀው በቀዶ ሕክምና አወጡለት። ከዚያም በጥቅምት 11 ቀን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ የፈጠነ ሆነ። ያ ሕመም ውጋት ነው ተብሎ ችላ ቢባል ኖሮ፥ እንኳን ድሉ ሕይወቱም ባሠጋ ነበር፤ የታመመ ትርፍ አንጀት ሲፈነዳ ይገድላልና።

እንግዲህ የቤተሰብ አባቶችና እመቤቶች፥ በቤታችሁ የሚያድግ ወጣት ጎኑን ይዞ ሲመለስ አትሣቁበት፥ አትከልክሉትም። አስቀድማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ከመሮጥህ በፊት መቼ በላህ? ስታርፍስ ለቀቀህ? በልቶ ወዲያው ሮጦ፥ ሲያርፍም ለቅቆት እንደ ሆነ የምግቡን ሰዓት አስተካክሉለት፤ ነገም ይሩጥ። ካረፈ በኋላ ያልለቀቀው እንደ ሆነ፥ ወይም ሕመሙ ከእምብርቱ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆዱ የወረደ፥ ትኵሳትና ትውከት የተጨመረበት፥ ወይም ደረቱን የሚያስጨንቀው እንደ ሆነ ግን፥ ነገ ይሻለዋል ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም አድርሱት።