ጎረቤት ቃላትና ዘመድ ቃላት

የእንግሊዝኛ ዕውቀታቸውን ለማዳበር የሚጥሩ አንዳንድ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ገልጠው፣ በአንድ ዓይነት ፊደላት የሚጀምሩትን እንግዳ ቃላት ከነፍቻቸው በደብተራቸው ላይ በተርታ ይጽፋሉ፤ ከዚያም እንደ ዳዊት ይደግሟቸዋል። ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው። መንገዱ ግን የተሳሳተ ይመስለኛል፤ በመነሻ ፊደል የተገናኙ ቃላት ጎረቤታሞች እንጂ የግድ ዘመዳሞች አይደሉምና።

ቃላትን በፊደል ተራ መደርደር ለምን እንዳስፈለገ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1604 ሮበርት ካውድሪ የተባለ እንግሊዛዊ መምህር 2,500 ያህል አስቸጋሪ ቃላትን ከአጭር ፍች ጋር አሳተመ። ይህ መጽሐፍ እንግሊዝኛን በእንግሊዝኛ የፈታ የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት እንደሆነ ይነገርለታል። በዚያን ዘመን በፊደል ተራ ቃል መፈለግ ለብዙው አንባቢ እንግዳ ስለ ነበረ፣ ደራሲው በመግቢያው ላይ አንባቢው አስቀድሞ የፊደላቱን ቅደም ተከተል በቃሉ እንዲይዝ፣ በ«ኤ» የሚጀምረውን ቃል ከመጽሐፉ መጀመሪያ፣ በ«ቪ» የሚጀምረውን ወደ መጨረሻው ገደማ እንዲፈልግ መክሯል። እንግዲህ በቃል እንዲያዝ የታሰበው የፊደሉ ተራ እንጂ የቃላቱ ተራ አልነበረም። ተራው የተበጀው ለመፈለጊያ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ፒ፣ ኢ፣ ዲ በተባሉት ሦስት ፊደላት የሚጀምሩትን ቃላት እንውሰድ። በብስክሌት ላይ በእግር የሚረገጠውን «ፔዳል» የማያውቅ የለም። «ፔዴስትሪያን» እግረኛ ማለት ነው፤ «ፔዴስታል» ሐውልት የሚቆምበት መሠረት ነው፤ «ፔዲኪዩር» የእግርና የእግር ጥፍር እንክብካቤ ነው። አራቱም እግር የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል የወጡ ናቸው። እስከዚህ ያነበበ ተማሪ ሦስቱ ፊደላት እግርን ያመለክታሉ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ቀጥሎ «ፔዲኩሎሲስ» የሚል ቃል ያጋጥመዋል። የእግር በሽታ ነው ብሎ ከገመተ ስቷል። ቃሉ የመጣው በላቲን ቅማል ከሚለው ስም ሲሆን፣ ሐኪሞች የሰው ጠጉር ወይም ገላ በቅማል መወረሩን የሚገልጹበት ነው።

«ፔዳጎግ» ደግሞ መምህር ማለት ነው፤ እዚህም እግር የለም። በጥንት ግሪኮች ዘንድ የጌታውን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት እየመራ የሚያደርሰው ባሪያ «ልጅ መሪ» ይባል ነበር፤ ስሙ እያደር ለመምህሩ ተላለፈ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ «ፔዳ» እየተባለ የሚጠራው ግቢ ስሙን ያገኘው ቀድሞ በዚያ ከነበረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ስለሆነ፣ በስሙ ውስጥ የተደበቀው ይኸው የግሪኮቹ ልጅ ነው። የሕፃናት ሕክምና «ፒዲያትሪክስ» መባሉም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንግሊዞች ይህን ቃል ሲጽፉ ከ«ፒ» ቀጥሎ «ኤ» የተባለውን ፊደል ያስገባሉ፤ አሜሪካውያን ግን ስላስቀሩት የዘሩ ምልክት ጠፍቷል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ «ፔዲግሪ» ነው። የትውልድ ሐረግ ማለት ሲሆን፣ ዘራቸው ተመዝግቦ ለሚታወቅ ፈረሶችና ውሾችም ይነገራል። ምንጩ የቆየ ፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጉሙም ሽመላን የምትመስል የአንዲት ባለ ረጅም ቅልጥም ወፍ እግር ማለት ነው። ጸሐፍት የትውልድ ሐረግ ሲስሉ ከአባት ወደ ልጆች የሚያወርዱት ባለ ሦስት ጣት መስመር የዚያችን ወፍ ዱካ ይመስል ነበርና። እግሩስ አለበት፤ የወፍ እግር ሆነ እንጂ።

እውነተኞቹ ዘመዳሞች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በሌላ ገጽ ላይ ነው። «ኢምፒድ» ማሰናከል፣ «ኤክስፐዳይት» ማፋጠን ማለት ነው። የመጀመሪያው በላቲን እግርን ማሰር፣ ሁለተኛው እግርን ከእስራት መፍታት ነበር። ሁለቱም በ«ፒ» ስለማይጀምሩ ከተማሪው ተርታ ውስጥ አይገቡም። «ኦርቶፔዲክስ» የሚለውን የአጥንት ሕክምና ስም የሰማ ሰውም እግርን ሊያስብ ይችላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1741 ያወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ኒኮላ አንድሪ ግን «ቀጥ ያለ» እና «ልጅ» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት ነው የገጣጠመው፤ መጽሐፉ የልጆችን የአካል ጉብጠት ስለ ማቃናት የተጻፈ ነበርና።

ይህ አሠራር ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጸሐፊ፣ መጽሐፍና አጻጻፍ በተለያየ ፊደል ቢጀምሩም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። መጽሐፍ፣ መንገድና መስኮት ግን «መ» ከማለታቸው በስተቀር ዝምድና የላቸውም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን በ1948 ዓ.ም. የታተመ የግእዝ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው፣ መጽሐፍ የሚለውን ቃል የሚፈልገው «ጸሐፈ» ከሚለው ግሥ ሥር ነው። በራሳችን ቋንቋ የምናውቀውን ዘዴ የእንግሊዝኛ ደብተር ስንገልጥ የምንረሳበት ምክንያት አይታየኝም።

በመነሻ ፊደል የተደረደረ ቃል ለማስታወስ ይቀላል የሚሉ አሉ። ለፈተና ዋዜማ ይሆናል። ነገር ግን ድምፃቸው የተቀራረበ ቃላት አንድ ላይ ሲያዙ ፍቾቻቸው ይቀላቀላሉ፤ ተማሪው ቃሉን ያስታውስና ትርጉሙን ከጎረቤቱ ይዋሳል። ከዚህ ይልቅ በደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ለ«እግር»፣ አንድ ገጽ ለ«ልጅ» ቢሰጥ ይሻላል። «ኢምፒድ» ከ«ፔዳል» ጎን፣ «ኦርቶፔዲክስ» ከ«ፔዳጎግ» ጎን ይጻፋሉ፤ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል።

ሥርን ማወቅም ቢሆን ከመዝገበ ቃላት አያሰናብትም። «ፔዶሎጂ» የሚባል ቃል አለ። አንደኛው ፍቹ፣ መሬት ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ፣ የአፈር ጥናት ነው፤ ሌላው ልጅ ከሚለው የመጣ የልጆች ጥናት ነው። በአሜሪካውያን አጻጻፍ ሁለቱ በአንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም። የትኛው እንደ ተነገረ የሚታወቀው ቃሉ ከገባበት ዓረፍተ ነገር ነው።