ሥራ ላይ ተጎድታችሁ «ቤት ወደቅኩ» አትበሉ



አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቤት የማይፈርስበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ሆኗል። ግድግዳውን በመዶሻና በዲጂኖ የሚያወርዱት ብዙ ጊዜ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ የምጽፈው ስለ እነሱ ነው፤ በአንዱ ላይ እኔም ተሳስቻለሁና።

ወጣቱን ወደ ድንገተኛ ክፍል ያመጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሯል። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው አብሮት የመጣውን ሰው አየት አደረገና «ቤት ውስጥ ከደረጃ ወድቄ» አለኝ። ልብሱም ፀጉሩም በብናኝ ነጭ ሆኗል። እኔ ግን ወረፋው ስለበዛብኝ ያለኝን ጽፌ አለፍኩ።

ከወራት በኋላ የሕክምና ማስረጃ ሊጠይቅ መጣ። እውነቱን የነገረኝ ያን ዕለት ነው። የሚያፈርሱት ግድግዳ ተንዶበት ነበር። ፎርማኑ «ሥራ ላይ ነው ካልክ አናሳክምህም» ብሎታል። ካርዱ ላይ ግን «ቤት ውስጥ የወደቀ» ይላል፤ በእኔ የእጅ ጽሑፍ።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» እንላለን። እኔ አልስማማም። ምክንያቶቹ የታወቁና የሚደጋገሙ ናቸው፦

👉 ከላይ ወደ ታች መፍረስ ያለበትን ግድግዳ ከሥሩ መጀመር
👉 ፌሮውን ለማውጣት ኮለኑን ሰብሮ ሶሌታውን ያለ ድጋፍ መተው
👉 አንዱ ከላይ እያፈረሰ ሌላው ከታች ፍርስራሽ እንዲጭን ማድረግ
👉 የኤሌክትሪክ መስመሩ ሳይቋረጥ ሥራ መጀመር
👉 ያለ ሄልሜት፣ ያለ ጫማና ያለ ደኅንነት ቀበቶ ከፍታ ላይ ማሠራት

ከእነዚህ ውስጥ የዕድል ጉዳይ የቱ ነው? ሁሉም አሠሪው አስቀድሞ ሊያስተካክላቸው የሚችላቸው ናቸው።

ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው ሥራ ላይ ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ከመጣ ግን ነገሩ ይለያል። የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ ቅርብ ወዳለ ሕክምና ማድረስና የሕክምናውን ወጪ መሸፈን የአሠሪው ግዴታ ነው። ለመሥራት ባልቻላችሁበት ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ክፍያ ይገባችኋል፦ በመጀመሪያው 3 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዩ 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሪው 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ። ዘላቂ የአካል ጉዳት ከቀረ ደግሞ መጠኑ በሕክምና ቦርድ ተወስኖ ካሣ ይከፈላል። የጽሑፍ ውል አለመኖሩ መብታችሁን አያስቀርም።

ስለዚህ አደጋ ሲደርስ እነዚህን አስታውሱ፦

1. የተጎዳውን እጅና እግሩን ይዛችሁ አታንጠልጥሉት። አንገቱና ጀርባው ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አንሡት።

2. ፍርስራሽ ለረጅም ሰዓት ተጭኖት የቆየ ሰው ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው። የተጨፈለቀ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ሽንቱ ከጠቆረ አደገኛ ምልክት ነው።

3. ለሐኪሙ የት፣ መቼና ምን እየሠራችሁ እንደተጎዳችሁ በትክክል ንገሩ። የሕክምና ማስረጃችሁን ቅጂም ያዙ።

4. የሥራ ባልደረቦቻችሁን ስልክ መዝግቡ፤ ምስክር ይሆኗችኋል።

5. ጊዜ አታሳልፉ። የሥራ ክርክር በመርህ ደረጃ በአንድ ዓመት በይርጋ ይታገዳል። በአካባቢያችሁ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሕግ ባለሙያ ቶሎ አማክሩ።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። ብናኝ ለብሶ የመጣ ሰው «ቤት ወደቅኩ» ሲላችሁ አብሮት የመጣውን ሰው ከክፍሉ አስወጥታችሁ እንደገና ጠይቁት። እኔ ያን ቀን ያልጠየቅኳት አንዲት ጥያቄ ያን ልጅ ብዙ አስከፍላዋለች።

ይህን ጽሑፍ ሼር አድርጉት። የቀን ሥራ የሚሠራ ወንድም ወይም ልጅ ያለው ሰው ያነበዋል።

ጤናችሁ ይብዛ!