ለእናቶች የሚሆን የሐይቅ ዳር አዳር
ቨርጂኒያ ውስጥ ሌክ አና ስቴት ፓርክ በአርቪ (በመኖሪያ መኪና) ለማደር ያሰበ ሰው ዕቅዱን ከመብራቱ ይጀምር እላለሁ። ቦታ ማስያዝ የሚቻለው ከ11 ወር አስቀድሞ ነው፤ የጁላይን ቅዳሜና እሁድ በጁን የሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። የመኪናው ርዝመትም ከማቆሚያው ጋር ይመሳከር። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ግን ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። ባለ 30 አምፔር መስመር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ኤርኮንዲሽንና የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ከተከፈቱ ሌላ የሚተርፍ የለም። አምና እናቴ ሊጡን ምጣዱ ላይ እያዞረች ሳለ አንዳችን የውሃ ማፍያውን ሰካን፤ መብራቱ ድርግም አለ፣ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ቀረ። አሁን እንጀራው ቤት ተጋግሮ ይሄዳል፣ ቡናው በከሰል ይፈላል። ማገዶ ግን ከቤት አይጫን፤ የዛፍ ተባይ ከአገር አገር የሚዛመተው በእሱ ነውና እዚያው ይገዛ። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1972 ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ተብሎ የተገደበ ነው፤ ውበቱን ግን ይህ አልቀነሰበትም። ድንኳን ለወጣት ይመቻል፤ ጉልበታቸው ለደከመ ወላጆች ግን አልጋና መጸዳጃ ያለው መኪና ነው ከሐይቁ የሚያገናኛቸው። እናቴ በማለዳ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ጣና ዳር ስላሳለፈችው ልጅነቷ ለልጆቼ ስታወራ ሰምቻለሁ። ያንን ወሬ አዲስ አበባም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ቤት ውስጥ አውርታልን አታውቅም።