ሰርቪስ ቤት ጡረታ አይደለም

በጉለሌ ጡረታ ለወጣ ሰው ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። «ሱቅ ክፈት፣ ዶሮ አርባ፣ ከግቢህ ጥግ አንዲት ክፍል ቀጥልና አከራይ» ይሉታል። ሰሚ ያገኘው የመጨረሻው ነው። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከሩፋኤል እስከ ቀጨኔ በጭቃና በቆርቆሮ የተቀጠሉ ሰርቪስ ክፍሎች ያልሞሉት ግቢ ጥቂት ነው። ምክሩ ከቅን ልብ የሚወጣ ቢሆንም መነሻው ስህተት ነው። የጡረታ አበል ያነሰው በጡረተኛው ስንፍና ይመስል፣ መፍትሔውን ከሽማግሌው ጓሮ ይፈልጋል።

ስሌቱን እንይ። 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኛል። ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይታከልለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያው ላይ የሚደርሰው 42 ዓመት ያገለገለ ብቻ ነው፤ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ሳያቋርጥ የሠራ ማለት ነው። 30 ዓመት ያስተማረች መምህርት ድርሻዋ 55 በመቶ ነው። አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር ከነበረ፣ በወር 4,400 ብር ይደርሳታል።

ይህ ገንዘብ ገበያውን ተከትሎ በራሱ አያድግም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ ዘይቱም መድኃኒቱም አብሮ ተወደደ። በ2017 እና በ2018 የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲጨመር፣ ቀደም ብሎ የተሰናበተው ሰው አበል የተሰላው በድሮው ደመወዝ ነበር። አበሉ የሚሻሻለው መንግሥት ሲወስን ብቻ ነው።

ጡረተኛው ግን ድርሻውን ከፍሏል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ በየወሩ ያዋጣሉ። ይህ ገንዘብ ለረጅም ጊዜ በአነስተኛ ወለድ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ ሲገዛበት ኖረ፤ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ ባለፈበት ዘመን ጭምር። ጉድለቱን ዛሬ በኪራይ ሙላ የሚባለው ያው ባለ መዋጮው ነው።

ለመሆኑ የሚያከራየው ማን ነው? የቀበሌ ቤት ነዋሪ መልሶ ማከራየት አይፈቀድለትም፤ ምክሩ እሱን አይመለከተውም። የራሱ ግቢ ያለውም ቢሆን የሚያከራየው ለባለጸጋ አይደለም። ተከራዩ ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሸምን ወጣት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ልጅ ያዘለች ጉሊት ቸርቻሪ ነው። የሽማግሌው ጭማሪ የሚመጣው ከእነዚህ ኪስ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ኪራይም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ እንዳይጨምር ያዘዘው ለተከራዩ አስቦ ነው፤ ትክክልም ነው። ይሁን እንጂ አበሉ ቆሞ ኪራዩም ሲገደብ፣ አዛውንቱ አከራይና ወጣቱ ተከራይ በአንድ ግቢ ባላንጣ ይሆናሉ።

ሕጉ በተግባር ያልደረሰላቸውም አሉ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ እናት መዋጮውን የሚጋራቸው አሠሪ የላቸውምና አበልም በአብዛኛው የላቸውም። እድራቸው ሲሞቱ ይቀብራቸዋል፤ በሕይወት ሳሉ የሚያበላቸው ግን አይደለም። «በእርጅና ገቢህን አሳድግ» የሚለው ምክር ለእነሱ እስከ ሞት ሥራ ማለት ነው።

ሥራ የሚወድ፣ ጉልበቱም የሚፈቅድለት አዛውንት ይሥራ፤ የሚከለክለው የለም። ሌሎች አገሮች ግን ጡረታን ለግል ብልሃት አልተዉም። አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጡረታ ክፍያን በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር በሕግ ታስተካክላለች። ጎረቤት ኬንያ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ 70 ዓመት ለሞላቸው ዜጎች በወር 2,000 ሽልንግ የሚሰጥ መርሐ ግብር አላት።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2014 የወጡትን የጡረታ አዋጆች 1267ን እና 1268ን እንደገና ይክፈት፤ አበሉ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከል በግልጽ ይደንግግ፤ ለሸማኔውና ለሸክላ ሠሪዋም መግቢያውን በር ያስፋ። ይህ እስካልሆነ ድረስ ለጡረተኛ የሚሰጠው የገቢ ምክር ሁሉ፣ ዕዳውን ከባለዕዳው አንስቶ በባለመብቱ ላይ የሚጭን ነው።