ምክር ወይስ ተግሣጽ?

እንደሚታወቀው በብዙ ትምህርት ቤቶች «የምክር አገልግሎት» ተብሎ የተጻፈበት አንድ በር አለ። በዚያ በር የሚገባው ተማሪ ግን ማነው? ያረፈደ፣ የተደባደበ፣ ደብተር ያልያዘ። ሲወጣስ ምን ይላል? «ተመከርኩ» ይላል። ተመከርኩ ማለት በኛ አነጋገር ተቆጡኝ፣ አስጠነቀቁኝ ማለት እንደሆነ ሁላችንም ተማሪ ሆነን ያየነው ነው። ቃሉ ራሱ ከመነሻው አሳስቶናል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ ከጅጅጋ ብዙ በማይርቅ ከተማ ተመድበን ሳለን፣ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዘወትር እየተኛች አስቸገረችን። አንድ ሁለቴ ተቆጣናት። በሦስተኛው «ሂጂና ምክር ቢሮ አነጋግሪያቸው» ብለን ሰደድናት። ወላጅ አምጪ የሚል ወረቀት ይዛ ወጣች። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጣችም። ኋላ ጎረቤቷ እንደነገረን እናቷ ከታመሙ ሰንብተዋል፤ ልጅቱ ሌሊት ተነሥታ ወተት ተቀብላ፣ ገበያ አድርሳ ነው የምትማረው። አምጪ የተባለችው ወላጅ አልጋ ላይ ነበሩ። ታዲያ ጥፋቱ የቢሮው ብቻ ነው? እኛስ በየቀኑ አጠገቧ ስናልፍ «ምን ሆነሽ ነው?» ማለት አቅቶን ነው?

ከዚያ ወዲህ ከኮርሱ አልፈን ስለ ምክር ሙያ ማንበብ ጀመርን። ካነበብነው ሁሉ የያዘን የአሜሪካዊው የካርል ሮጀርስ (እ.ኤ.አ. 1902–1987) ታሪክ ነው። ሮጀርስ ሐኪም አልነበረም። የእርሻ ትምህርት ጀምሮ ተወ፤ ሃይማኖት ለማጥናት ገብቶ እሱንም ተወ፤ በመጨረሻ የተመረቀው ኒውዮርክ ካለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ ነው። እንግዲህ የኛው ቤት ሰው ነው ማለት ነው! ከዚያም በሮቸስተር ከተማ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከችግረኛ ሕፃናት ጋር ሠራ። እዚያ ሳለ አንዲት እናት ስለ ረባሽ ልጇ ልታማክረው ትመላለስ ነበር። ጥፋቱ ከእሷ መሆኑን ሊያስረዳት ብዙ ደከመ፤ ምንም ጠብ አላለም። ይቅር ተባብለው ስትወጣ ከበሩ ዘወር አለችና ዐዋቂዎችንም ያነጋግር እንደሆነ ጠየቀችው። ተመልሳ ተቀምጣ የትዳሯን ምሬት ዘረገፈችለት። ያን ጊዜ ማስረዳቱን ትቶ ሰማ። ልጁም መሻሻል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሮጀርስ ከዚህ የተማረው፣ የሚያመውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጣው መጽሐፍም ሊመከር የመጣውን ሰው «ታካሚ» ማለቱን ትቷል። እኛ ደግሞ «ባለጉዳይ» የሚል ያማረ ቃል አለን፤ የጉዳዩ ባለቤት። (በየቢሮው «ነገ ና» የሚባለው እሱው መሆኑ ሌላ ነገር ነው።) በሶማሊኛ አማካሪ «ላ-ታሊዬ» ይባላል፤ «ላ» ማለት «ጋር» ናት። አብሮ የሚመክር እንጂ ከላይ ሆኖ የሚመክር አይደለም።

ጅጅጋ ግን ሮቸስተር አይደለችም። ክፍላችን ውስጥ የሚቀመጠው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1991 በተከፈተው የቀብሪበያህ የስደተኞች ጣቢያ የተወለደ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጅጅጋ ላይ ሰው ሲሞትና ቤት ሲቃጠል ያየ፣ ወይም ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ ከብቱ ሲያልቅ ከነቤተሰቡ ወደ ከተማ የተጠጋ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ «የአእምሮ ችግር አለብህ?» ብንለው ጆሮው ውስጥ የሚገባው «ዋሊ» የሚለው ቃል ነው፤ እብደት። ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም። ስለ ሙሩጎ፣ ማለትም ስለ ሐዘኑ፣ ወይም ስለ ወልወል፣ ስለ ጭንቀቱ ብንጠይቀው ግን መልስ አለው። ከደጋ የመጣን ሰልጣኞች ቢያንስ እነዚህን ቃላት ሳንይዝ ክፍል መግባት አልነበረብንም።

ሌላም አለ። በከተሞቻችን ሰው ሲተዋወቅ ቀድሞ የሚጠየቀው የማን ልጅ መሆኑ ነው። ለሰላምታ ደግ ነው። ለምክር ሲሆን ግን ልጁ ነገሩ ማታውኑ ለአጎቱ እንደሚደርስ ያስባል፤ ደግሞም አልተሳሳተም! በሌላ በኩል የሮጀርስን ዝምታ እንዳለ መቅዳትም አያዋጣም። «ምን ላድርግ?» ያለን ልጅ ዝም ብሎ ማየት እዚህ ንቀት ነው። ሼኩም፣ ሽማግሌውም እንዲገቡበት ከፈለገ መብቱ ነው፤ የጉዳዩ ባለቤት ነዋ።

«ይህ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እጩ መምህር በሰው አእምሮ አይቀልድ» የሚሉ መምህራን አሉ። ግማሹን እንቀበላለን። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያወራ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት። ምሥጢር መጠበቅም እዚህ ላይ ያበቃል፤ ይህንንም ለልጁ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ግን ባለሙያው የት አለ? አማኑኤል ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዚምባብዌው ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚያቸው መሳፈሪያ አጥታ ሳትመጣ ቀርታ ሕይወቷን አጠፋች። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2006 አሮጊቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው እንዲያነጋግሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሥራቸው ውጤት እንዳለው አሳይቷል። አሮጊቶቹ የቻሉትን እኛ ተምረን ያቅተናል? አውበሬና ቶጎ ውጫሌ ያለው ተማሪ ሐኪም እስኪያገኝ በየቀኑ የሚያየው መምህሩን ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ወደየትምህርት ቤቱ ስንመደብ የቅጣት ወረቀት የሚጽፈውና ምክር የሚሰጠው አንድ ሰው እንዳይሆን ከወዲሁ እንነጋገርበት። በዚህ ተቋምም የምክር ኮርስ ትርጉም ሸምድዶ መፈተን ብቻ አይሁን። ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሳያቋርጥ ዐሥር ደቂቃ መስማትን እንለማመዳለን። ሞክረነው ነበር፤ ከመካከላችን ከአራት ደቂቃ ያለፈ አልተገኘም። መምህራንም እንዲመጡ እንጋብዛለን። ወንበር እኛ እናመጣለን።