የጾም በዓል ገበታና የተጠበሰ ዱባ

በ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ረቡዕ፣ መስቀልም ዓርብ ዋሉ። ገናና ጥምቀት በነዚህ ቀኖች ሲውሉ ጾሙ ይሻራል፤ እንቁጣጣሽና መስቀል ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ ስለሌላቸው፣ ሁለቱ የመስከረም በዓሎች ያለ ዶሮና ያለ ቅቤ ተከበሩ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ በዋለ ጊዜ ሁሉ መስቀል ዓርብ መዋሉ የማይቀር ነው፤ በ2023 ዓ.ም. እንደገና እንዲሁ ይሆናል። ነገሩ የሚያስጨንቀው የቤቲቱን እመቤት ነው፤ በበዓል ቀን እንግዳ ጠርቶ የዘወትሩን ሽሮና ምስር ብቻ ማቅረብ ያሳፍራልና።

ስለዚህ ለተከበራችሁ አንባብያን ስለ ተጠበሰ ዱባ ጥቂት ለመንገር አሰብን። ዱባ በክረምቱ ዝናም አድጎ በመስከረም ስለሚደርስ ለመስቀል ገበታ የተገባ ነው። ዘሩ ከአሜሪካ አገር የመጣ ሲሆን፣ ከርሱ በፊት በአገራችን የሚታወቀው ዘመዱ ቅሉ ነው፤ እንግዲህ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል የሚለው ተረት፣ ተራቾቹ ካሰቡት ይልቅ እውነት ሆኖ ተገኘ።

በብዙ ቤት ዱባ የሚሠራው ወጥ ሆኖ ነው። ወጡ ሲያምር መልካም ነው፤ ነገር ግን ዱባ በባሕርዩ ውሃ የበዛበት ስለ ሆነ፣ ውሃ ተጨምሮበት ሲቀቀል ይላሽቃል፣ ጣዕሙም ይቀጥናል። በደረቅ እሳት ሲጠበስ ግን ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ ጣፋጭነቱ ይጠነክራል፣ ጠርዙም ቡናማ ይሆናል።

የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች ዱባውን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልጋቸውም። ከፒያሳ አትክልት ተራ ተነሥቶ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ የሄደው ገበያ፣ በ2013 ዓ.ም. በዚሁ ክፍለ ከተማ ኃይሌ ጋርመንት በሚባለው ሥፍራ ሰፍሯል። ሲመርጡ ከትልቅነቱ ይልቅ ክብደቱን ይመልከቱ። ከሐረጉ የተቈረጠበት ጫፍ የደረቀ፣ ቅርፊቱም በጥፍር ሲጫኑት የማይበሳ ዱባ የበሰለ ነው፤ ካልተቈረጠም በቀዝቃዛ ሥፍራ ብዙ ጊዜ ይቈያል።

ለ8 ሰው 3 ኪሎ ይበቃል። ታጥቦ፣ ፍሬው ወጥቶ፣ ቅርፊቱ ሳይላጥ ሁለት ጣት በሚያህል ውፍረት ይቈረጣል። በ3 የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት ታሽቶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደራረብ በትሪ ይደረደራል፤ ከተደራረበ የአንዱ እንፋሎት ሌላውን ይቀቅለዋልና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ምድጃው በ200 ዲግሪ ከጋለ በኋላ 40 ደቂቃ ያህል ይቈያል፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። የተወቀጠ 4 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬና ቁንጥር ኮረሪማ የሚጨመሩት ሊወጣ 10 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ቀድመው ከገቡ አርረው ይመርራሉ። ጨውም ውሃ ስለሚስብ በዚያው ሰዓት ይነሰነሳል። ሎሚ የሚጨመቅበት ገበታ ላይ ነው።

በዚያ ዓርብ በመካኒሳ ቤቴ የባለቤቴን አክስት ጠርቼ ነበር። እኒህ ወይዘሮ ዱባን የችግር ቀን መብል ነው ብለው የሚንቁ ናቸው። ትሪውን ምድጃ ውስጥ ከትቼ 20 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። እንግዶች በሰዓቱ ሊደርሱ ነው፤ ዱባውም ገና ጥሬ ነው። ከድፎ ዳቦው የተረፈ ኮባ ነበረኝና ምጣድ ላይ አነጠፍሁት፤ ዱባውን ደርድሬ በኮባ ሸፈንሁት፤ በላዩ ቆርቆሮ ከድኜ ለዳቦ እንደሚደረገው ከላይም ከታችም የከሰል ፍም አደረግሁበት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። አንዳንዱ ጠርዝ ጠቍሯል፤ ነገር ግን የኮባው መዓዛ ገብቶበት ከኤሌክትሪኩ ይልቅ በልጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ መብራት ቢኖርም የምሠራው እንዲሁ ነው።

አክስታችን ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውለው ገበታ ቀረቡ።

«ይህ ደግሞ ምንድር ነው ልጄ?» አሉ።

«ዱባ ነው እትዬ፤ ይቅመሱልኝ።»

ዝም ብለው አንዱን ቁራጭ ከቅርፊቱ እየለዩ በሉ፤ ሁለተኛውንም አነሡ። ስለ ጣዕሙ አንድ ቃል አልተናገሩም። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ግን ቀስ ብለው፣ «ፍሬውን ጣልሽው?» ብለው ጠየቁኝ። ታጥቦ ለቆሎ እንደ ተሰጣ ነገርኋቸው። ከስጡ አንድ እፍኝ ዘግነው በመሐረባቸው ቋጠሩና፣ ለአጥራቸው ሥር እንደሚሆን ነግረውኝ ሄዱ።