«ቆላ ወርደህ ነበር?» – ጨበራ ጩርጩራ ለምትሄዱ

 

ሰሞኑን ኢንቦክስ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ እየበዛብኝ ነው። «ዶክተር፣ ከጓደኞቼ ጋር ጨበራ ጩርጩራ ልንሄድ ነው፣ ምን እንያዝ?» የሚል። አብዛኛው ሰው ዝርዝሩን ራሱ ጨርሶ ነው የሚልክልኝ፦ ፓወር ባንክ፣ ቡት ጫማ፣ ጃኬት፣ የፀሐይ መነጽር፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሆን ነገር። ጥሩ ነው። ግን እስካሁን «ከተመለስኩ በኋላስ ምን ላድርግ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። የዛሬው ጽሑፌ በዚያ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ጊዜ እኔም ይህን ጥያቄ ረስቼ ሰው ልገድል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተመረቅኩ ዓመት ሳይሞላኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክሊኒክ ተረኛ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ወጣት መጣ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ የምግብ ፍላጎት መዝጋት። ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ነው። የዊዳል ምርመራ አዘዝኩ፣ «ፖዘቲቭ» ሆኖ መጣ፣ የታይፎይድ መድኃኒት ጽፌ ሸኘሁት። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በሦስተኛው ቀን እህቱ ደግፋ አመጣችው። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሽንቱ ጠቁሯል፣ ንግግሩ ይምታታል። እህቱ እያለቀሰች በመሃል አንድ ነገር አለች፦ «ኧረ ዶክተር፣ ከጉዞው ከመጣ ወዲህ እኮ ነው እንዲህ የሆነው።»

«ከየት ጉዞ?» አልኳት።

ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ በቡድን ወደ ደቡብ ምዕራብ ሄደው፣ ሐይቅ ዳር ድንኳን ጥለው ሁለት ሌሊት አድረዋል። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በፋልሲፓረም ወባ ተሞልቷል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ተላከ፣ አርቴሱኔት በመርፌ ተጀመረለት። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። «ከየት ጉዞ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ሦስት ቀን ዘግይቼ ነው የጠየቅኩት። ልጁ አልዋሸኝም፣ አልደበቀኝም። አልጠየቅኩትም እንጂ።

በጣም ያሳፈረኝ ደግሞ ይህ ነው፦ እኔ ያደግኩት ሸዋ ቤንች ነው። እኛ ሰፈር ሰው አተኮሰው ሲባል የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚል ነበር። በበቃ ለቡና ለቀማ ወርዶ የተመለሰ ሰው ብርድ ብርድ ካለው፣ እናቴ ሌላ ምርመራ አትጠብቅም፤ «ተነስ፣ ጤና ጣቢያ ሂድ» ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሕክምና ተምሬ፣ ከቤት ይዤው የወጣሁትን ጥያቄ አዲስ አበባ ላይ ጣልኩት።

አሁን ወደ ፓርኩ እንምጣ። ጨበራ ጩርጩራ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በዳውሮና በኮንታ ይገኛል። ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተቋቋመው በ1997 ዓ.ም. ነው። ዝሆኑን፣ ጎሹን፣ በደን የተከበቡትን ትናንሽ ሐይቆች፣ ፏፏቴዎቹን፣ ፍል ውኃውንና ወደ ኦሞ የሚወርዱትን ወንዞች ያየ ሰው «ይሄ ሁሉ አገራችን ውስጥ ነበር እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የዝሆን ዳና ሎጅን ከሠራ በኋላ ደግሞ ስሙ በየስልካችን ገባ። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በጅማ በኩል ወይም በሶዶ በኩል አድርጎ ይደርሳል፤ ከእኛ ከሚዛን በኩል የሚመጣ ደግሞ በቦንጋ ያደርጋል። ሂዱ። አትቅሩ። ይህን የምጽፈው እንድትፈሩ አይደለም።

ግን አንድ ነገር እወቁ። በአገራችን ወባ በብዛት የሚተላለፈው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። የፓርኩ አብዛኛው ክፍል ከዚህ በታች ነው። ሐይቅ አለ፣ ረግረግ አለ፣ ሙቀት አለ። ለወባ ትንኝ ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ወባ «የድሮ በሽታ» አይደለም።

ወሩንም አስቡበት። ፏፏቴ የሚያምረው ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ዝናቡ ቆሞ ውኃ በየጉድጓዱ ሲያቁር ወባም የሚበረታው በዚያው ወቅት ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይዘልቃል። ከጥር እስከ የካቲት አጋማሽ ብትሄዱ ፏፏቴው ይቀጥናል፣ መንገዱ ግን ይደርቃል፣ ትንኙም ይቀንሳል። ይቀንሳል አልኩ እንጂ ይጠፋል አላልኩም።

«ታዲያ የአካባቢው ሰው እንዴት ይኖራል?» የሚለኝ አለ። የአካባቢው ሰውም ይታመማል፣ በተለይ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች። ደጋግሞ የተያዘ አዋቂ ሰው ሰውነቱ በሽታውን በከፊል መቋቋም ይለምዳል። የአዲስ አበባ ልጅ ያ የለውም። «እኔ እኮ ያደግኩት አርባ ምንጭ ነው» የምትለኝም ወንድሜ፣ ከተማ ከገባህ ዓመታት ካለፉ ያ መቋቋም ተሸርሽሯል። ሸዋ ቤንች ያደግኩት እኔም እንደ ማንኛውም እንግዳ ነኝ። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ አረቄ ከወባ አይከላከልም። አረቄው እንዲያውም ያለ አጎበር ያስተኛችኋል።

እሺ፣ ምን እናድርግ?

ከመሄዳችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ። ለመከላከያ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ እዚያ እያላችሁ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ቦሌ ወይም አየር ጤና ሲደርስ መድኃኒቱን ያቆማል። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጥም፤ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር ይወሰዳል፣ ቆዳንም ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። ሜፍሎኩዊን የሚባለው ደግሞ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም። ስለዚህ ጓደኛችሁ የወሰደውን አይታችሁ ከፋርማሲ አትግዙ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ እህቴ፣ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ብታደርጊው ይሻላል።

ቢጫ ወባን ከወባ ጋር አታምታቱ። ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ ቢጫ ወባ ቫይረስ ነው፣ የወባ ክኒን አይነካውም። ታሪኩም እዚሁ አካባቢ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በዙሪያው በተነሳው ወረርሽኝ 100,000 ሰው ገደማ ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ክትባት አለው፤ ለአብዛኛው ሰው አንድ ጊዜ መወጋት ለዕድሜ ልክ ይበቃል፣ ግን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መሆን አለበት።

እዚያ ስትደርሱ፣ የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከእሳት ዳር ጭፈራው በፊት ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ያልተሸፈነውን ቆዳ የትንኝ መከላከያ ሎሽን ቀቡ፣ ማታ አጎበር ውስጥ ግቡ። ድንኳን ከሆነ ዚፑ ይዘጋ።

ቀን ደግሞ የቆላ ዝንብ አለች። ከብት ላይ ገንዲ የምታመጣው ነች። በሰው ላይ የሚታየው የእንቅልፍ በሽታ 30 ዓመት ገደማ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 በደቡብ ኢትዮጵያ እንደገና ታይቷል። ለሁለት ቀን ጎብኚ ዕድሉ ትንሽ ነው። ግን ዝንቧ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ትወዳለች፤ ማጥመጃዋም ከሰማያዊና ከጥቁር ጨርቅ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጂንስና ጥቁር ቲሸርታችሁን ትታችሁ ፈዘዝ ያለ ቀለም፣ ወፈር ያለ ልብስ ልበሱ።

ሐይቁ ውስጥ ለፎቶ ብላችሁ አትግቡ። ፀጥ ባለ የሐይቅ ዳር ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ካለ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላል፤ በቆዳ ነው የሚገባው። ዝሆንና ጎሽም ውኃ ሊጠጡ የሚመጡት እዚያው ነው። ከስካውቱ አትለዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከተመለሳችሁ በኋላ።

ወባ ከተነከሳችሁበት ቀን ጀምሮ እስኪያማችሁ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ7 ቀን በላይ ይፈጃል። ፋልሲፓረም በአብዛኛው በአንድ ወር ውስጥ ይታያል። ቫይቫክስ የሚባለው ግን ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ማለትም ፎቶውን ለጥፋችሁ፣ ላይኩን ቆጥራችሁ፣ ጉዞውን ረስታችሁ ሥራ በገባችሁበት ሰዓት ነው የሚመጣው። ያኔ ትኩሳት ሲኖራችሁ «ብርድ መቶኝ ነው» ትላላችሁ። ክሊኒክ ስትሄዱ ደግሞ እንደ እኔ የቸኮለ ሐኪም ይጠብቃችኋል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ይጻፋል። የዊዳል ምርመራ ታይፎይድ በሌለበትም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ወባ የያዘው ሰው ላይም እንደዚያው። ወረቀቱ ላይ ታይፎይድ ስለተባለ ወባ የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከሻንጣችሁ ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሐኪሙ ጠየቀም አልጠየቀም፣ ገና ስትቀመጡ በሉት፦ «ዶክተር፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ቆላ ወርጄ ነበር፤ የወባ ምርመራ ይሠራልኝ።» ያው በቃ። ምርመራው ነፃ ነኝ ካላችሁና ትኩሳቱ ካልተወ፣ በማግስቱ እንዲደገም ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ንግግር ከተምታታ፣ ማስመለሱ ምግብ አላስቀምጥ ካለ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ክሊኒክ ለክሊኒክ አትዙሩ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። የፋልሲፓረም ወባ በሰዓታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል።

እዚያው እያላችሁ ካተኮሳችሁ ደግሞ «አዲስ አበባ ደርሼ እታከማለሁ» አትበሉ። ቅርብ ያለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ የወባ ምርመራና ሕክምና በነፃ ይሰጣል። የሚያስደንቅ ሕንፃ ላይኖረው ይችላል። ግን ወባን በየቀኑ የሚያዩ ባለሙያዎች ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ከብዙዎቻችን የከተማ ሐኪሞች ይበልጣሉ።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎችን ልለምን።

ጉዞ አዘጋጆች፦ በቴሌግራም የምትለጥፉት ፖስተር ላይ «ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ፎቶግራፈር፣ ካምፕ ፋየር» ትላላችሁ። አንድ መስመር ጨምሩበት፦ «ቦታው ወባማ ነው፣ ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።» ደንበኛ ይቀንስብናል ብላችሁ አትስጉ። ሰው በሰላም ተመልሶ ሌላ ጊዜ የሚመጣው ሲጠነቀቅ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በዚያው የጉዞ ግሩፕ ውስጥ «ያተኮሰው ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንም አያስወጣችሁም።

የሙያ ባልደረቦቼ፦ ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም አለሁበት። ግን ጥያቄው አምስት ሰከንድ ነው የሚፈጀው። አሁን እኔ ትኩሳት ያለበት ሰው ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል እጠይቀዋለሁ፣ በእናቴ አነጋገር፦ «ቆላ ወርደህ ነበር?» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ግን ዝም ብሎ ያስብና፣ «አዎ፣ ባለፈው ወር…» ይላል።

መልካም ጉዞ። ይህን ለሚጓዙ ጓደኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።